የጋልማ ኖታ

ሐሙስ፣ ኅዳር 5 ቀን 2000፤ ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል

ዛሬ ልምምድ ላይ ተዋረድኩ። ጋልማ ናይሮቢ ሙዚቃ ተምሮ ወደ ሆቴላችን ባንድ ከመጣ ወዲህ፣ ኪቦርዱን ብቻ ሳይሆን ዘፋኛችንን ጽዮንንም የወሰደ ይመስለኛል። ድሮ ድምጿን የምታስተካክለው የእኔን ቤዝ ጊታር ሰምታ ነበር። አሁን ዓይኗ የእሱ ወረቀት ላይ ነው።

እልህ ያዘኝና ከኖታዎቹ አንዱን ሳያየኝ ወስጄ ኮፒ አስደረግኩ። ከኦዳ መንደር ፍየል ሊሸጡ የመጡ ሰዎች ሱቃችን ደጅ ሲጯጯሁ፣ እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ሳጠና ከረምኩ። የታችኛው መስመር ላይ ያለው ድምፅ ሚ ነው፤ በቃሌ ያዝኩት።

ዛሬ ጋልማ የቤዙን ኖታ ፊቴ ዘረጋ። ጽዮንን አየት አደረግኩና በሙሉ ልብ ጀመርኩ። ሁሉም መጫወት አቆሙ።

“ፖሌ፣ ካካ” አለ ጋልማ ለስለስ ብሎ፣ በስዋሂሊ “ይቅርታ፣ ወንድሜ” ማለቱ ነው። “ይሄ የኪቦርድ ቀኝ እጅ አነባበብ ነው። ቤዝ ላይ የታችኛው መስመር ሶል ነው። ከየት ተማርከው?”

ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። “ነገ ከሰዓት ና፣ አሳይሃለሁ” አለኝ። ደግነቱ ራሱ ያናድዳል።

ስንወጣ ጽዮን ተከትላኝ መጣች። “እንዳትቀር” አለችኝ። “እኔ የቤዙንም ማንበብ ችያለሁ። ካልገባህ አግዝሃለሁ።”

ከሰዓት ከሰዓት እናቴን ልርዳ እያለች የምትጠፋው ለካ ጋልማ ጋ ኖታ ለመማር ነበር።