የካፖርቴ ቀኝ ኪስ

ሰኞ፣ ኅዳር 15

በእማማ ጥሩነሽ የእንጨት ክምር ውስጥ የተገኘው ሽጉጥ የእኔ ቤት ሽጉጥ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ባለቤቴም ሳያውቅ ሞተ።

የመሣሪያ አሰሳው ከቤት ወደ ቤት ሲመጣ እሱ ክፍለ ሀገር ነበር። ሽጉጡን በጨርቅ ጠቅልዬ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ጎረቤቴ ወደ እማማ ጥሩነሽ የእንጨት ክምር አሳለፍኩት። የእነሱ ቤት ጠዋት ተፈትሾ አልቋል፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ይቆይ ብዬ። ተመልሰው ፈተሹ። ልጃቸውን ግርማን ወሰዱት። አልተመለሰም። እማማ ጥሩነሽ ትከሻዬ ላይ እያለቀሱ "ማን ነው ያስቀመጠብኝ?" ሲሉኝ "እኔ እንጃ" አልኳቸው።

አሥር ዓመት ሊሆነው ነው። ዛሬ የጻፍኩት አሁን ደግሞ ሽጉጥ ስለገዛሁ ነው።

በመስከረም መጨረሻ እዚህ ስደት አገር፣ ኢስት ፖይንት ባቡር ጣቢያ ደረጃው ላይ አንድ ሰው ከኋላ አንቆኝ ቦርሳዬን ወሰደ፤ ሲሸሽ ዞር ሲል ፊቱን አየሁት። የቤቴ ቁልፍና መታወቂያዬ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ቁልፉን አስቀየርኩ። አድራሻዬን ግን ያውቃል። ባለፈው ሐሙስ እዚያው ደረጃ ላይ ቆሞ አየሁት። ፈገግ አለልኝ።

ሽጉጡን ያስገዛችኝ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት አብራኝ የምትሠራው ዶሮቲ ናት። ትንሽ ነው፣ ባለ አምስት ጥይት። ፈቃዱ በእጄ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ልያዘው ስላት ሳቀችብኝ። "እሱ የሚወስደው ቦርሳሽን አይደል? ለሌባ ስጦታ ልትገዢለት ነው?" ስለዚህ ኪስ። ለኪስ ደግሞ አፎት፣ የሽጉጥ ማኅደር፣ ያስፈልገዋል አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ከሥራ ወጥቼ ሽጉጥ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው። ሦስት አፎት ደረደረልኝ። ጥይቱን አውጥቶ ባዶውን ሽጉጥ ከኪሴ እያስገባሁ እያወጣሁ እንድሞክር አደረገኝ።

የመጀመሪያው ስስ ጨርቅ ነው፣ ርካሽ። ስስበው ሽጉጡ ከነአፎቱ ወጣ። "አሁን ሌባውን በጨርቅ ልትመቺው ነው" አለ ሽማግሌው።

ሁለተኛው የሚያብረቀርቅ ደረቅ ቆዳ። አጥብቆ ይይዛል። ግን ቅርጹ በካፖርቴ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መንገደኛው ሁሉ ምን እንደያዝኩ ያውቃል።

ሦስተኛው ሸካራ ቆዳ ነው። ሸካራው ፊት የኪሱን ገበር ይዞ ስለሚቀር ሽጉጡ ብቻ ይወጣል። አንዱ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፤ ከውጭ ላየው የገንዘብ ቦርሳ ይመስላል። የሚሳበውን ምላጭ ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል፤ ጣት አይገባም።

ሽማግሌው ሁለት ነገር ደጋግሞ ነገረኝ። ምላጩ ሁልጊዜ ይሸፈን። እዚያ ኪስ ውስጥ ሌላ ነገር አይግባ፦ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ መሐረብም ቢሆን። ቁልፍ ራሱ ምላጭ ሊስብ ይችላል አለኝ። መቁጠሪያዬን አውጥቼ ወደ ግራ ኪሴ አዛወርኩት።

ሦስተኛውን ገዛሁ። አብሮት የመጣውን ወረቀት ቤት ገብቼ በመዝገበ ቃላት አነበብኩት። ፊደል የቆጠርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛውንም ብቻዬን እየተንገዳገድኩበት ነው። ከታች በትንንሽ ፊደል፣ ለሚደርሰው ሁሉ ኃላፊው ያዡ ነው ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

የካፖርቴ ኪስ ገበር ሳስቶ ነበር። በወፍራም ጨርቅ ደርቤ ሰፋሁት። መስታወት ፊት ቆሜ ባዶውን አሥር ጊዜ አወጣሁ። አፎቱ አሥሩንም ጊዜ ከኪሴ ቀረ። ደስ አለኝ። ከዚያ መስታወቱ ውስጥ ሽጉጥ የያዘች አሮጊት አየሁና ፊቴን አዞርኩ።

ይዤው ሥራ ገባሁ። ሰውየው ደረጃው ላይ የለም። እጄ ግን ከኪሴ አልወጣም። "እጅሽን አውጪ እንጂ!" አለችኝ ዶሮቲ። "ዶሮ የሰረቅሽ ትመስያለሽ።"

ሳቅኩ። እጄን ግን አላወጣሁም።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

የዕድራችን ሰብሳቢ አቶ ከበደ ደወሉ። "ወይዘሮ ሙሉ፣ እማማ ጥሩነሽ አርፈዋል። ትናንት ከአዲስ አበባ ተደውሎ ነው። ልጃቸው አልሰማችም። ነገ ማልደን መርዶ እንነግራለን። እርስዎ የሰፈራቸው ሰው ነዎት፤ መቅረት የለም። ከደጃፍዎ እወስድዎታለሁ።"

ልጃቸው ተዋበች ናት፣ የግርማ ታናሽ እህት። አቮንዴል የሚባል ሰፈር ነው የምትኖረው። እዚህ አገር ከተገናኘን ጀምሮ "የእናቴ ጎረቤት" እያለች ለሰው ሁሉ ታስተዋውቀኛለች። በየበዓሉ መጥታ ጉልበቴን ትስማለች። በሳመችኝ ቁጥር እግሬን መሰብሰብ ያምረኛል።

አንድ ቀን እውነቱን ለእናቷ እጽፋለሁ እል ነበር። ወረቀት ገዝቼ አስቀምጫለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ከደጃፌ በመኪና እንደምወሰድ አውቃለሁ። ሽጉጡን ትቼው መሄድ እችል ነበር። አልተውኩትም።

ስድስት ነበርን። አቶ ከበደ "ራቅ አድርገን ፓርክ እናድርግ፤ መኪናችንን ካየች ትጠረጥራለች" አሉ። ተዋበች በሩን በቢጃማ ከፈተች። በዚያ ሰዓት እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ዐይኗ ከሁሉም መሃል እኔን ፈለገ። "እትዬ ሙሉ፣ እናቴ ናት?" አለችኝ። ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሽጉጡ በሁለታችን መሃል ነበር። ሆዷን ሲጫናት ተሰማኝ።

ከዚያ ካፖርቴን እንደለበስኩ ተቀመጥኩ። አንዷ ሴት "እንዴ፣ አውቶቡስ እየጠበቁ ነው? ለቅሶ ቤት በካፖርት ይቀመጣል?" አለችና ከትከሻዬ ገፈፈችው። የሁሉም ሰው ካፖርት መኝታ ቤት አልጋው ላይ ነው የሚከመረው። ልከተላት ስነሳ ተዋበች እጄን ጨብጣ ያዘች። "አይሂዱብኝ።" ተቀመጥኩ። እያለቀሰች እጄን አልለቀቀችም። እኔ የማየው የመኝታ ቤቱን በር ብቻ ነበር።

ሲደክማት ሴቶቹ ደግፈው ወደዚያው አስገቧት። ቀድሜ ልገባ ስል በሩ ላይ ሰው በዛብኝ። ስደርስ ካፖርቶቹን ወደ ግድግዳው ገፍተው አስተኝተዋታል። ራሷ ከፍ ይበል ብለው አንዱን ካፖርት አጣጥፈው ከሥሯ አድርገውላታል። ጥቁሩን። የእኔን።

ራሷን በአንድ እጄ ቀና አድርጌ ካፖርቱን ሳብኩት። ዐይኗን ሳትገልጥ "ይተዉት እትዬ፣ ይመቸኛል" አለችኝ። "ትራስ ላምጣልሽ" ብዬ ወሰድኩባት።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ። አፎቱ አልተንቀሳቀሰም። ምላጩ እንደተሸፈነ ነው። የሰፋሁት ገበር አልተተረተረም። የመረጥኩት ትክክለኛውን ነው። ይህን ለራሴ እየደጋገምኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ሁለተኛዬ ነው። ሽጉጤን ከነዚያው ሰዎች ቤት አስገባሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ዛሬ ጽዮን ማርያም ናት። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ጥይቶቹን አውጥቼ ሽጉጡን ከነአፎቱ ሻንጣ ውስጥ ቆለፍኩበት። ለሽማግሌው እሸጥለት እንደሆነ አላውቅም። ደረጃ ላይ የሚቆመውን ሰውዬ አሁንም እፈራዋለሁ። ነገ ጠዋት ግን በባዶ ኪስ በዚያ በኩል አልፋለሁ።

ተዋበችን ግን ይበልጥ እፈራለሁ። ያ ሽጉጥ የእኔ ቤት እንደነበር ስነግራት ትጮህብኝ ይሆናል። ለቀስተኛ ፊት ታስወጣኝ ይሆናል። ጉልበቴን የሳመችበትን ቀን ሁሉ ትረግም ይሆናል። በሐዘኗ ላይ ሐዘን ከምጨምርባት አርባው ይለፍ ብዬም አስቤ ነበር። እናቷም እንዲሁ ይለፍ፣ ይለፍ ስል ነው ያመለጡኝ።

በአፌ ብጀምረው ግማሹን እደብቃለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ነገ ሰልስቱ ነው። ሰው ሲበተን ወደ ኋላ እቀራለሁ።

እነዚህን ገጾች ከደብተሩ ገንጥዬ አጠፍኳቸው። ካፖርቴ ቀኝ ኪስ ውስጥ ናቸው፤ ሌላ ምንም አልጨመርኩበትም። ከእጄ የምትቀበላቸው ተዋበች ናት፣ የእማማ ጥሩነሽ ልጅ፣ የግርማ እህት።