የሚስተር ኮልበርን በር

ውድ እትዬ አስካል፣

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት እሑድ ሞክሬ አቃተኝ። ድምፅሽን ስሰማ ስለ አየሩ ማውራት እጀምራለሁ፤ እዚህ ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ፓርክ ደግሞ የአየር ወሬ አያልቅም። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ደብዳቤ እንደሆነ መሀል ገብተሽ “ተወው፣ አለፈ” ብለሽ አታስቆሚኝም። ነገሩ ስለዚያ በር ነው።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ልጄን ሊዲያን ይዤ እንግሊዝ አንቺ ጋ የመጣሁ ጊዜ፣ በማግስቱ ጠዋት “ተነሱ፣ የሥራ መንገዴን ላሳያችሁ” አልሽን። እኔ መኪና የምታስነሺ መስሎኝ ደጅ ቆሜ ስጠብቅ፣ አንቺ ቦቲ ጫማሽን አድርገሽ ከቤትሽ ጀርባ ወዳለው ቁጥቋጦ ገባሽ። እንጨት ላይ የተመታች ቢጫ ቀስት አሳየሽኝና በሰው እርሻ መሀል ማንም በእግሩ እንዲያልፍ ሕጉ ይፈቅዳል አልሽኝ። አላመንኩሽም። በስንዴው መሀል በእግር ብዛት የተሰመረች ቀጭን መንገድ፣ ከዚያ ጅረቱ ላይ የተጋደመው ጣውላ፣ ከዚያ የገበሬው የሚስተር ኮልበርን የበግ መስክ፣ ከዚያ ወዲያ የምትሠሪበት የአረጋውያን ቤት። “አሥራ ሁለት ደቂቃ!” አልሽ፣ መንገዱን ራስሽ የሠራሽው ይመስል እየተኩራራሽ። እኔ ግን ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት ማን ይጮህብኝ ይሆን እያልኩ ነው።

ለምን እንደምፈራ ነግሬሽ አላውቅም። ሚኒሶታ የመጣሁ ሰሞን፣ ክሪስታል ስኖር፣ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ በአንድ ሰውዬ ሣር ላይ አቋርጬ ሮጥኩ። ሰውየው ወጥቶ ጮኸብኝ። ፌርማታው ላይ እንደቆምኩ ፖሊስ መጣ። ምንም አልሆንኩም፤ ግን ከዚያ ወዲህ የሰው ሣር ጫፉን አልረግጥም። ኑሮዬ ከቤቴ ጋራዥ ወደ ፓርኪንግ፣ ከፓርኪንግ ወደ ጋራዥ ነው።

በአራተኛው ቀን ሊዲያና እኔ ከሥራ ስትወጪ ልንቀበልሽ በዚያው መንገድ መጣን። በገመድ የሚታሰረውን የበጎቹን መስክ በር ከፍተን እንደገባን ሚስተር ኮልበርን ከማዶ እጃቸውን እያወዛወዙ ጮኹ። አሁን ሳስበው ሰላምታ ነበር። እኔ ግን የሊዲያን እጅ ይዤ እግሬ አውጪኝ አልኩ። አርባ ሰባት ዓመት የሞላኝ ሰውዬ! “ዳድ፣ ዘ ጌት! ዘ ጌት!” ትለኝ ነበር። ሰምቻታለሁ። በሩን ልዘጋ ግን አልተመለስኩም።

አመሻሹ ላይ በጎቹ ወደ አስፋልቱ ወጡና አንዷን እናት በግ መኪና ገጫት። በማግስቱ ጠዋት ሚስተር ኮልበርን ኮፍያቸውን አውልቀው ደጅሽ ላይ ቆሙ። እኔ ወጥ ቤት ዳቦ እየቆረጥኩ ነበር። በሩን ማን ክፍቱን እንደተወው ጠየቁ። አንቺ ወደ እኔ ዞር እንኳ ሳትዪ “እኔ ነኝ፣ ቸኩዬ ነው” አልሻቸው። ሽማግሌው ትንሽ አዩሽና ሄዱ። እኔ ዳቦውን መቁረጤን ቀጠልኩ፤ ሙሉውን ዳቦ ቆረጥኩት። “እንግዳዬ አይደለህ? በእንግዳዬ ማንም አፉን አይከፍትም” ብለሽ ሻይ ቀዳሽልኝ። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩሽም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እንኳ ደህና ነበር። ባለፈው ወር ብሩክሊን ሴንተር አብራኝ የምትሠራው እድላዊት ልጇን ክርስትና አስነሳች። ወሬው ወደ እንግሊዝ አገር ዞረና እኔ ሰው ላስቅ ብዬ ያቺን ታሪክ አመጣኋት። በእኔ ወሬ ግን በሩን የተውሽው አንቺ ነሽ። “እህቴ ገጠር ገብታ የእንግሊዝን በግ አስፈጀች” አልኩ። ቦቲ አድርገሽ ስትራመጂ ሁሉ አስመሰልኩሽ። ሰው በሳቅ ሞተ። ሊዲያ ሳህኗን ይዛ ከጀርባዬ ቆማ ኖሯል። “ዳድ፣ ዳት ዎዝ ዩ” አለች። አልጮኸችም፤ ግን ጠረጴዛው በሙሉ ሰማ። በሰው መሳቅ የማይሰለቸው የእድላዊት ባል እንኳ አንገቱን ደፋ። እትዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ሌላም ነገር ነገረችኝ። በቪዲዮ ስታወሩ አውጣጥታሻለች ለካ። ከዚያ ቀን ወዲህ በእርሻው አልፈሽ አታውቂም። ከሚስተር ኮልበርን ጋር ፊት ለፊት እንዳትገናኚ በአስፋልቱ ዞረሽ ነው ሥራ የምትሄጂው። አርባ ደቂቃ፣ የእግረኛ ቦታ በሌለው፣ መኪናው በጆሮሽ ሥር በሚያልፍበት፣ ያቺ በግ በሞተችበት አስፋልት። እኔ እዚህ ሰው ሳስቅ አንቺ እዚያ ላይ ነበርሽ።

ስለዚህ ለሚስተር ኮልበርን ጻፍኩላቸው። አድራሻውን ያገኘሁት ሊዲያ በሩ ላይ ተንጠልጥላ ካነሳኋት ፎቶ ላይ፣ ከጎኗ ከሚታየው የእርሻው ታፔላ ነው። እንግሊዝኛዬን ያረመችልኝም እሷ ናት፤ “ኖ ኤክስኪዩዝ፣ ዳድ” እያለች ስለ ክሪስታሉ ፖሊስ የጻፍኩትን በሙሉ ሰረዘችብኝ። መልሳቸው ማክሰኞ ደረሰኝ። ወደ አማርኛ መልሼ እንዳለ ልገልብጥልሽ፦

“በሩን የተዉት እርስዎ እንደሆኑ በዚያው ጠዋት አውቄአለሁ። እህትዎ ገመዱን ሁለቴ ሳትጠመጥም ከዚያ በር ሄዳ አታውቅም። እኔን የተቀየመችኝ መስሎኝ ምን ብያት ይሆን እያልኩ ከረምኩ። እባክዎ ትመለስ በሏት። መንገዷን ሣር እየበላው ነው።”

አንብቤው ጋራዥ ውስጥ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ማንም ላላመነው ውሸት ይህን ያህል ጊዜ ዞርሽ። ዳቦዬን አስቀምጬ አንድ ቃል ብተነፍስ ኖሮ በዚያው ጠዋት ያልቅ ነበር።

የፊታችን እሑድ እነ እድላዊት ጋ እንሄዳለን። ያው ሰው ይሰበሰባል፤ ታሪኩን እንደሆነው እነግራቸዋለሁ። ሲስቁ በእኔ ይሳቁ።

ይቅር በይኝ ለማለት ፊት የለኝም፤ ግን ይቅር በይኝ። ሰኞ ጠዋት ቦቲሽን አድርጊና በመንገድሽ ሂጂ። ለግንቦት እመጣለሁ። ሚስተር ኮልበርን ከማዶ ሲጣሩ ቆሜ እጄን አነሳላቸዋለሁ። በሩን የምዘጋው ግን እኔ ነኝ፤ አንቺ ቆመሽ እዪኝ፣ ገመዱን ሁለቴ እጠመጥመዋለሁ።

በሩን ክፍቱን የተወው ወንድምሽ፣
በሪሁን