መርፌው ለአባትሽ እምቢ አለ

ልጄ ወለላ፣ የቁሐሩ ሚካኤል በሄድሽበት ሁሉ ጥላ ከለላ ይሁንሽ። እኔ ደህና ነኝ። ዘንድሮ ውሃው ከማሳው ቶሎ ስላልሸሸ ሩዙ ገና አልታጨደም፤ ላሚቱ ግን ወልዳለች።

የአባትሽን ነገር ከእንግዲህ አልደብቅሽም። የሳንባ ምች ይዞት ወረታ ሐኪም ቤት ከተኛ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ሴፍትሪያክሶን የሚሉትን መርፌ ጧትና ማታ ይወጉታል፤ ትኩሳቱ ግን አልበርድ አለ። ዶክተሯ፣ "አባት ከዚህ በፊት ይህን መርፌ ወስደው ያውቃሉ?" ብለው ጠየቁኝ።

"ሳል በያዘው ቁጥር ይወጋል፤ ሁለት ቀን ተወግቶ ሲሻለው ይተወዋል" አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፉ። "እናቴ፣ በሽታው መድኃኒቱን ለምዶታል። ከዚህ የበረታ እኛ ዘንድ የለም" አሉኝ።

ባሕር ዳር እንዳንወስደው ትንፋሹ መንገዱን አይችልም። ያኔ "ተው፣ መድኃኒቱን ጨርስ" ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ተነሥቶ ወደ እርሻው ሲሄድ ሳይ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።

አንቺም ስትታመሚ የጀመርሽውን መድኃኒት ሳትጨርሺ እንዳትተዪ፣ አደራ። እመጣለሁ ብለሽ ሥራሽን አትልቀቂ፤ አትደርሺበትም። ደውይለት ብቻ፤ ስልኩን ጆሮው ላይ አደርግለታለሁ። መናገር ቢያቅተውም ድምፅሽን ይሰማል። አንቺን እንኳ እግዜር ያቆይልኝ።

እናትሽ ትሩፋት