ካፒቴን ጥበብ ሞታለች ወይስ አልሞተችም? ለ«ኒውሮ-ዳሸን» ደራሲ የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ ደራሲ ደርቤ አለኸኝ
ባሉበት

እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም መዝገበ ቃላትዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደባርቅ የምንኖር አንባቢዎችዎ፣ ከገጽ 311 በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ሃያ ሰባት ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ሲበተን አሥራ አንድ ሰዎች እንሰበሰብና አንዳችን መጽሐፍ ጮክ ብሎ እያነበበ ሌሎቻችን እናዳምጣለን። ማኅበሩን የመሠረቱት የትርጓሜ መምህሩ መሪጌታ ባርናባስ ስለሆኑ፣ ከጉባኤ ቤት ያመጡልን አንድ ሕግ አለ፤ የተነበበው ለሁሉም ሳይገባ ገጽ አይገለጥም፣ መጽሐፍም አይዘጋም። በዚህ ሕግ በዘጠኝ ዓመት አርባ ሁለት መጻሕፍት ጨርሰናል። የእርስዎ የሳይንስ ልብ ወለድ አርባ ሦስተኛው ነው፤ አሁንም ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ነው።

መጽሐፍዎን የመረጡልን ወይዘሮ ይታይሽ ናቸው። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ሲሆኑ፣ ዓይናቸው ስለደከመ ማንበብ ትተው ያዳምጣሉ። ጀግናዋ ካፒቴን ጥበብ የደባርቅ ልጅ መሆኗ በጀርባው ሽፋን ላይ ተጽፎ ሲነበብላቸው ደስ ብሏቸው ነበር። ከፋሲካ በኋላ ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ጓዛቸውን እየሸከፉ ነው። ከእኛ ጋር የሚያዳምጡት የመጨረሻ መጽሐፍ ይኸው የእርስዎ ነውና፣ ቅሬታዬን በትሕትና እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1ኛ. «ኳንተም» የሚለውን ቃል 214 ጊዜ ስለተጠቀሙበት ከልብ አመሰግናለሁ። ቆጥሬዋለሁ። ከእነዚህ ሁሉ ያለ ስሕተት የገባው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ እሱም በገጽ 19 ላይ የአንድ ካፌ ስም ነው።

2ኛ. በገጽ 88 ላይ በቅሎ የጠፋችበት የበየዳ ገበሬ «የባዮ-ሲግናሏ ሌተንሲ ከትሬሾልዱ በላይ ነው» ብሎ ያዝናል። በፓርኩ ጨነቅ ካምፕ ሃያ ዓመት የዱር እንስሳት ጠባቂ ስካውት የነበሩት አቶ ገዱ ይህን ሲሰሙ፣ «በቅሎዋ አልጠፋችም፤ ንግግሩን መሸከም አቅቷት ጥላው ሄዳ ነው» አሉ። ይኸው ገበሬ በገጽ 90 ላይ ከጨነቅ ተነሥቶ ራስ ዳሸን ጫፍ በእግሩ በአሥር ደቂቃ ይደርሳል። አቶ ገዱ መንገዱን የሚያውቁት የሁለት ቀን መሆኑን ነው፤ ስላሳጠሩላቸው ምስጋናቸውን እንዳደርስ አደራ ብለውኛል።

3ኛ. ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው። በገጽ 311 ላይ የጠፈር መርከቧ ትጋያለች፤ ካፒቴኗ ትወድቃለች፤ ከዚያም «ካፒቴን ጥበብ ወደ ፔሪፌራል ስቴሲስ ሞድ ትራንዚት አደረገች» ብለው ልብ ወለዱን ይጨርሳሉ። እኛ ግን ይኸው ሰባተኛ ቅዳሜያችን፣ መጨረስ አልቻልንም። ወይዘሮ ይታይሽ የጠየቁኝ ቀላል ነገር ነበር፤ «መምህር፣ ሰው ወይ ይተነፍሳል ወይ አይተነፍስም። ትተነፍሳለች?» እኔ የፊዚክስ ዲግሪዬን ይዤ ገጹን ከላይ ጀምሬ ደግሜ አነበብኩ። አቶ ገዱ ሞታለች ባይ ናቸው፤ ፓርኩ ውስጥ ዋልያ ሲሞት በሪፖርት የሚጻፈው «ከቁጥር ተቀንሷል» ተብሎ ስለነበር፣ ቃል የሚያወሳስብ ሰው ሬሳ እየደበቀ ነው ይላሉ። መሪጌታ ባርናባስ በበኩላቸው ዓረፍተ ነገሩን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ንባብ ተቀብለው፣ «አንድም ዕረፍት ነው፤ አንድም ቆፈን ነው፤ አንድም ጸሐፊው ራሱ አላወቀውም» ሲሉ ተረጎሙልን። ሦስተኛውን ትርጓሜ የተቃወመ አልነበረም።

ከኋላ ያያያዙትን የአርባ ገጽ የቃላት መፍቻም በታላቅ ተስፋ ገልጠን ነበር። «ስቴሲስ» ከ«ፕሪ-ስቴሲስ» ቀጥሎ የሚመጣ ሁኔታ እንደሆነ፣ «ፕሪ-ስቴሲስ» ደግሞ ከ«ስቴሲስ» የሚቀድም እንደሆነ ስላስረዱን፣ ቅደም ተከተሉን በተመለከተ ጥርጣሬ የለንም።

4ኛ. ስለ ሽፋኑ ሥዕል ወይዘሮ ይታይሽ ስላላዩት እኔም እንዳላየሁት ይቁጠሩልኝ።

ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ አንድ ቃል ነው። «ሞታለች» ወይም «አልሞተችም» ብለው ይጻፉልን። አሥራ አንዳችንም አማርኛ እናውቃለን፤ አንዲት እናትም መጽሐፋቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ።

ውድ ጊዜዎን በገጽ 311 ላይ ካጠፋነው ጊዜ ባነሰ መጠን እንደምወስድ ተስፋ እያደረግሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከመጠነኛ ራስ ምታት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ሀብተ ሚካኤል ልደቱ
ደባርቅ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ሳልልከው ስምንተኛው ቅዳሜ ደረሰ። ወይዘሮ ይታይሽ ያችን ዓረፍተ ነገር ለመጨረሻ ጊዜ አስነበቡኝና፣ «እንዲህ ደንዝዘው የተወለዱ ስንት ሕፃናት መቀመጫቸውን መትቼ አስለቅሻለሁ! ይችም ትነሣለች» ብለው ፈረዱ። አቶ ገዱ ትንሽ አጉረመረሙና፣ «እሺ እትዬ፣ ለእርስዎ ስል አልሞተችም» አሉ። መሪጌታም «ገብቶናል» ብለው መጽሐፉን ዘጉት። ስለዚህ መልስዎን አንጠብቅም። በሁለተኛው ቅጽ ሊገድሏት አስበው እንደሆነ ግን፣ ካፒቴን ጥበብ ደባርቅ ላይ በሕይወት መኖሯንና ከእርስዎ እጅ ከወጣች ወዲህ ጥሩ አማርኛ መናገር መጀመሯን እንገልጻለን። ወይዘሮ ይታይሽ ከባሕር ዳር እየደወሉ ደኅንነቷን እንደሚጠይቁን ከወዲሁ ነግረውናልና፣ እባክዎ አይንኩብን።