አያትሽን ከወንበሯ ያስነሣው ምክርሽ

ምላሰኛዋ የልጅ ልጄ፣ ዕድሜሽ እንደ ምላስሽ ይርዘም። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ አልታዘዝ ብሎኛል።

አገር ቤት ለሚመጡ ሰዎች «እነዚህን ቦታዎች ሳታዩ እንዳትመለሱ» ብለሽ ኢንተርኔት ላይ የጻፍሽውን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አነበበችልኝ። ከፏፏቴውና ከተራራው ቀጥሎ የእኛን ጓሮ ምን አስገባው? «ሐይቁ አምሮ የሚታየው ከአያቴ ጓሮ ነው» ትያለሽ! ይኸው አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይራገፍብናል። ትናንት በውስጥ ሱሪ ቆሜ ጢሜን ስላጭ አንዱ ፎቶ አነሣኝ። ለእሱስ ግድ የለኝም፣ ቁመናዬ ያምራል።

ያንጨረጨረኝ የአያትሽ ነገር ነው። እግሯን ካመማት ወዲህ የምትወጣው ውሃው ዳር እስካለው አግዳሚ ወንበሯ ድረስ ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ። አሁን እንግዶችሽ ይቀመጡበታል። «ተነሡ በያቸው እንጂ!» ስላት፣ «ተው አንተ፣ የልጅቷ እንግዶች ናቸው» ብላ ከዘራዋን ተደግፋ ትመለሳለች። ሐይቁን ካየች ሰነበተች፤ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ላይ አፍጥጣ ትውላለች።

ያንን ጽሑፍሽን ዛሬውኑ አጥፊው! እምቢ ካልሽ «ጓሮው ውስጥ ድንጋይ የሚወረውር እብድ ሽማግሌ አለ» ብለሽ ጨምሪበት፤ ውሸታም እንዳትባዪ እኔ አግዝሻለሁ።

ክፉ አይንካሽ፣ የወጣሽበት ይቅናሽ። አያትሽ እንዳልቆጣሽ አስምላኛለችና፣ ስትደውዪላት አደራ፣ «አልተቆጣኝም» በያት።