ቀለሟ ስላልበጠሰችው ክር

ለክቡር የከተማችን የጋራ ሩጫዎች አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ነቀምቴ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ቤተሰብዎ ደኅና፣ የመኪናዎ ጎማም እንደ ወትሮው የማይተነፍስ ይሆን ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። በሚስቴ ቋንቋ «አካም ጅርቱ» ብዬ ልጠይቅዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ሰላምታ የሚያምረው መልሱን ቆሞ ለሚሰጥ ሰው ነውና፣ እርስዎም ሥራ ይበዛብዎታልና ልለፈው።

እኔ ጫንያለው እባላለሁ። ከጎጃም በመምህርነት ተመድቤ፣ ጥቂት ቆይቼ እመለሳለሁ ብዬ መጥቼ፣ ይኸው ጸጉሬ እዚሁ ነቀምቴ ሸበተ። ያስቀረችኝ ቀለሟ ናት፤ አዋላጅ ነርስ የነበረች፣ የሰፈራችንን የበከኒሳ ቀሴን ልጆች ብዙዎቹን በእጇ የተቀበለች ባለቤቴ። ምናልባት ያስታውሷት ይሆናል። ባለፈው ጥር በሩጫው ቀን እርስዎ ንግግር ሲያደርጉ፣ ከድንኳኑ ውጭ የመንገድ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የነበረችው፣ ራሷን በሻርፕ የጠመጠመችው ቀጭን ሴት እርሷ ነበረች። ባያስታውሷትም አልቀየምም፤ ወደ እርሷ የነበረው ጀርባዎ ነው።

ኮሚቴዎ ሩጫችንን ሲረከበን ምን እንደሆነ የጠየቀን ሰው ስላልነበረ፣ ዘግይቼም ቢሆን ላስረዳ ይፈቀድልኝ። ቀለሟ ሩጫውን የጀመረችው በአንዲት ሴት ምክንያት ነው። ሴትዮዋ ምጥ ይዟት ከዲጋ ወዲያ ካለ ገጠር በእግሯ ስትመጣ ውላ ስትደርስ፣ የሥራ ሰዓት አልቋል ተብሎ የጤና ጣቢያው በር ተዘግቶ ጠበቃት። ቀለሟ ዝናብ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። እናትየዋ ተረፈች፣ ልጇ አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ሚስቴ አንድ አባባል ነበራት፤ የመጨረሻዋ ሳትገባ በር አይዘጋም ትል ነበር። ወንድሟን ዋቅወያን፣ ጎረቤታችንን አናጢውን ጂሩን፣ ቅቤ ነጋዴዋን አስካለን፣ የእኔንም ተማሪዎች ሰብስባ በየዓመቱ ጥር ላይ በዲጋው አስፋልት ሄደን የምንመለስበትን ነገር ጀመረች። ሩጫ ማለቱ እንኳ ማጋነን ነው፤ ግማሻችን ወሬ እያወራን ነበር የምንሄደው። መመዝገቢያው አንድ ብርድ ልብስ፣ ወይም ባልዲ፣ ወይም ሳሙና ነው፤ ሁሉም መውለጃቸው ደርሶ ከገጠር መጥተው ለሚጠባበቁ እናቶች ይሄዳል።

አንድ ሥርዓት ነበረን። በእኛ ሩጫ አንደኛ የወጣ ሰው ጎንበስ ብሎ በክሩ ሥር ያልፋል። ክሩን በደረቱ የሚበጥሰው መጨረሻ የሚደርሰው ነው፣ እርሱ እስኪደርስም ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ክሩ ከገበያ የተገዛ ተራ የጥጥ ፈትል ነው፤ የተበጠሰበት ላይ በበጠሰው ሰው ስም ይቋጠርና ለሚመጣው ዓመት ይቀመጣል። የመጀመሪያው ቋጠሮ የአስካለ ነው፤ አውቄ ነው ኋላ የቀረሁት እያለች እስከ ዛሬ ትከራከራለች። አንዱ በምርኩዝ የሚሄደው የጉሉማ ነው። አንዱ ከኪራሙ ተፈናቅላ እኛ ሰፈር የተጠለለችው የንጋት ነው፤ ልጇን አዝላ ደርሳ ክሩን ስትበጥስ፣ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየናት። ቀለሟ ራሷ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ሰው ጎን ነበረች። «ሱታ፣ ሱታ» እያለች፣ ቀስ በሉ ማለቷ ነው፣ ታመጣቸውና ክሩ ጋ ሲደርሱ ወደ ፊት ገፋ አድርጋቸው በጎን ታልፋለች። እኔ የቤት ሰው ነኝ፣ አልቆጠርም ትላለች። በዚህ ምክንያት ያንን ክር አንድም ቀን በጥሳው አታውቅም ነበር።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ። ቢሮዎ ነገር በቁጥር ሲቀርብለት ደስ ይለዋል ስለተባልኩ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩. ስለ ስሙ። ሩጫችን የነቀለሟ ሩጫ ከመባል በቀር ስም አልነበረውም። ኮሚቴዎ ይህን ድህነታችንን አይቶ «የሁለንተናዊ መነቃቃትና የዘላቂ ትብብር ታላቅ ሕዝባዊ ሩጫ» የሚል ስም ስለሰጠን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ስሙ በካናቴራው ደረት ጀምሮ በጀርባው ስለሚያልቅ፣ ከጀርባችን ያለው ሯጭ ካልነገረን በቀር ምን እንደምንሮጥ ሙሉውን ያወቅን የለንም። ካናቴራዎቹም በሙሉ በእርስዎ ልክ መጥተዋል። የዋቅወያ ትንሿ ልጅ ቀሚስ ሆኖላት ትተኛበታለችና በእርሷም ስም አመሰግናለሁ።

፪. ስለ ሰዓቱ። ማለዳ በብርዱ እንድንነሳ ታዞ ነበር፤ እኛም በማለዳ ተገኘን፣ እርስዎ ግን ፀሐይዋ በደንብ መሞቋን ካረጋገጡ በኋላ ደረሱ። ይህን ያደረጉት ብርድ እንዳይመታን አስበው መሆኑን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት። በዚያን ጊዜ ቀለሟ ካንሰር ይዟት፣ ለሕክምና አዲስ አበባ ተመላልሳ አቅሟ አልቆ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ እያንዳንዱ ላይ «ለክቡር እንግዳ» የሚል ወረቀት ተቀምጦበታልና አስተናጋጆቹ አላስቀምጥም አሏት። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ዋቅወያ ሊቆጣ ሲነሳ እጁን ይዛ፣ ተወው፣ ወረቀቱም ደክሞት ይሆናል፣ ይቀመጥበት አለችው። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄአለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ግን ያን ቀን ስለ መሳቄ ራሴን እታዘባለሁ።

፫. ስለ መቀሱ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ብረዝም ይቅር ይበሉኝ። ባለፈው ጥር ከሁላችንም ቀርፋፋዋ ቀለሟ እንደምትሆን ሁላችንም አውቀን ነበር፤ እርሷም ታውቅ ነበር። አሁንስ ተራዬ ደረሰ እያለች ሳምንቱን ሙሉ እንደ ሠርገኛ ስትጠብቅ ሰነበተች። አስካለ ያን ውፍረቷን ይዛ መጨረሻ እንዳትወጣ ብላ በየማለዳው ስትለማመድ መላው የቅቤ ተራ አይቷታል። ጉሉማ ለምርኩዙ አዲስ ጎማ አስገጠመ። ያ ሁሉ ሰው የለፋው አንዲት ሴት አንድ ቀን፣ አንዴ፣ አንድ ክር እንድትበጥስ ነበር።

መነሻችንና መድረሻችን አንድ ሜዳ ስለሆነ ጂሩ ክሩን ማለዳ በሁለት ምሰሶ መካከል ወጥሮ፣ ከሩቅ እንዲታይ ቁርጥራጭ ጨርቅ አንጠልጥሎበት ነበር። እርስዎ ከመኪና ሲወርዱ የተወጠረ ነገር አዩ። የተወጠረ ነገር ያየ ባለሥልጣን መቀስ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ እጅ የለመደውን ነው የሚሠራው። ጂሩ ቀርቦ፣ ኦቦ፣ እሱ የመጨረሻ ነው ብሎ ሊያስረዳ ቢሞክር፣ መጨረሻም ላይ እንገኛለን ብለው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ቆረጡት። ተጨበጨበ። ካሜራው ስላላየ ይሆናል፣ መቀሱን እንደገና እንዲይዙም ተጠይቀው በፈገግታ ተባበሩ። የተቆረጠውን ክር ከነቋጠሮዎቹ ፕሮቶኮልዎ ጠቅልሎ ለሪፖርት ይፈለጋል ብሎ ወሰደው። ቀለሟ ከተቀመጠችበት ሆና ታይ ነበር። እኔ በኋላ እንቀጥለዋለን፣ ጂሩ ያስመልሰዋል አልኳት። ጂሩም ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን ያን ቀን ዘበኞችዎ ሥራቸውን በሚገባ ሠርተዋል።

፬. ስለ ምሳው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላልና በምሳው በራሱ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታ ካልነው ቅሬታዬ፣ እኛ ገና መንገድ ላይ ሳለን ሩጫው በስኬት ተጠናቀቀ ተብሎ በድምፅ ማጉያ መነገሩና አስፋልቱ ለመኪኖችዎ መከፈቱ ነው። እኔና ቀለሟ እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንመለስ መኪናዎ ከፊታችን መጥቶ ጥሩንባ ነፋብን። ቀለሟ «ጃባዱ» ያሉን፣ አይዟችሁ በርቱ ያሉን መስሏት እጇን አንስታ ሰላምታ ሰጠችዎ። እኔ ነኝ ወደ ዳር የጎተትኳት።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ያለው በቁጥር አልሄድልኝ አለ። ስለዚህ እንዲሁ ልንገርዎ።

ሜዳው ስንደርስ ድንኳኑ ፈርሷል፣ ወንበሮቹ ከነወረቀታቸው ተጭነዋል። የቀሩት የእኛዎቹ ብቻ ነበሩ፤ ዋቅወያ፣ ጂሩ፣ አስካለ፣ ንጋት ከነልጇ፣ ጉሉማ። ሜዳውን ልቀቁ ቢባሉም የመጨረሻዋ አልገባችም ብለው እምቢ ብለው ቆመዋል። ምሰሶዎቹ ተነቅለው ሁለት ትናንሽ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። ቀለሟ ጉድጓዶቹ ጋ ደርሳ ቆመች፤ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ሰዎቹ እያጨበጨቡ ግቢ፣ ግቢ ይሏታል። እርሷ ግን በመካከላቸው አላለፈችም። የሚበጠስ ከሌለ አልገባሁም ማለት ነው፣ እንግዲህ ገና መንገድ ላይ ነኝ አለችና፣ ሳቅ ብላ፣ በጎን ዞራ ሄደች። እንደ ልማዷ በጎን።

በባጃጅ ስንመለስ ፊቷን ትከሻዬ ላይ ደፍታ አለቀሰች። ሚስቴ በሥራዋ እናት ሲሞትባት፣ ሕፃን ሲሞትባት ስታለቅስ አይቻለሁ፤ ለራሷ ስታለቅስ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። ምን ልበላት? ለሚመጣው ዓመት ትበጥሽዋለሽ አልኳት። እርሷ የስንቱን ሰው ሆድ ዳስሳ ቀኑን ትናገር የነበረች ሴት ናት፤ የራሷን ቀን የማታውቅ መስሎኝ ነው? እሺ አለችኝ።

በግንቦት ሞተች። ኮሚቴዎ የላከልን የአበባ ጉንጉን ደርሶናል፤ ያ ረጅም ስም ሙሉ በሙሉ ተጽፎበት ነበር። ጥብጣቡን ማንም ስላልቆረጠው በግሌ አመሰግናለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ የዘበዘብኩት ለአንድ ልመና ነው። ክሩ በጽሕፈት ቤትዎ ግድግዳ ላይ በመስታወት ፍሬም ገብቶ፣ ከሥሩ «ክቡር ሰብሳቢው ሩጫውን ያስጀመሩበት» ተብሎ እንደተሰቀለ በዓይኔ አይቻለሁ። ፀሐፊዎ ጨመዳ በጣም ትሑት ልጅ ነው፤ በሄድኩ ቁጥር ወንበር ይሰጠኛል፣ በሄድኩ ቁጥርም ንብረት ሆኖ ስለተመዘገበ አይወጣም ይለኛል። አስካለ መቼም ንብረት እሆናለሁ ብላ አታውቅም ነበር፤ ቋጠሮዋ ግን ሆኖላታል። እኔ ፍሬሙን አልፈልግም፣ መስታወቱንም ጽሑፉንም ለእርስዎ እተዋለሁ። ክሩን ብቻ ይመልሱልኝ። የተቆረጠበትን ቦታ በቀለሟ ስም እቋጥረዋለሁ። መቁረጡ የእርስዎ ነው፤ ቋጠሮው ግን የእርሷ ይሁን። በመጪው ጥር ያ ቋጠሮ ያለበት ክር ሜዳው ላይ ካልተወጠረ፣ ሚስቴ ገና መንገድ ላይ ናት ማለት ነው፤ እኔም በየማለዳው ስነሳ የማስበው ይህንኑ ነው፣ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለሰጡን ስም፣ ለሰፊው ካናቴራ፣ ለሞቀው ፀሐይ፣ ለስለታሙ መቀስ በበከኒሳ ቀሴ ጎረቤቶቼና በሟች ባለቤቴ ስም ገለቶማ፣ እናመሰግናለን እያልኩ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ ወረቀቱም ከላዩ እንዳይነሳ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የዘወትር አክባሪዎ፣
ጫንያለው፣ የቀለሟ ባል

ማስታወሻ፦ ሥልጣን ያልፋል፤ እርስዎም አንድ ቀን መኪናውን መልሰው በእግርዎ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ መጥተው ከእኛ ጋር ይሩጡ። ብዙ ዘመን ተቀምጠው ስለኖሩ መጨረሻ እንደሚወጡ እገምታለሁ። አይዘኑ። ለጂሩ ነግሬዋለሁ፤ ቢመሽም፣ ቢዘንብም፣ እርስዎ እስኪደርሱ ክሩን ይዞ ይቆማል። ቀለሟ ያስተማረችን ይህንኑ ነውና እርስዎንም ቆመን እንጠብቅዎታለን።