ከወይራው የወረደው ደወል

ልጄ ሀብተማርያም፣ በሄድክበት ሁሉ እመብርሃን ትቅደምልህ። እኛ ደህና ነን፤ ጉንፋኑም ለቆኛል። አንተ ግን በዚያ በረዶ ደረትህን ሸፍን።

አሮጌው ቤተ ክርስቲያን እንዳይፈርስ የሰፈራችን ወጣቶች በፈቃዳቸው ግድግዳውን ጠግነው፣ ከጎኑ ትንሽ ሙዚየም ሠሩ። አባትህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲደውሉት የኖሩትን የድንጋይ ደወልም ከወይራው ዛፍ አውርደን ሰጠናቸው። ባለሱቁ ጀማል ጋሪውን አዋሰ፤ እኔም እልል ብዬ ሸኘሁት። ምነው ያኔ አፌን በያዘኝ!

በምረቃው ቀን አባትህን «እስቲ ለእንግዶቹ ይደውሉላቸው» አሏቸው። ደወሉን ጠረጴዛ ላይ አጋድመውት ኖሮ፣ ቢመቱት እንደ ማንኛውም ድንጋይ ቋ አለ። ካልተንጠለጠለ እንደማይጮህ ማናችንም አላሰብንም። እንግዶቹ ሳቁ። አባትህ መምቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

አሁንም ማለዳ ማለዳ ወይራው ሥር ቆመው ይመለሳሉ። ጀማል «ሱቄን በእርስዎ ደወል ነበር የምከፍተው፤ ምነው ጋሪዬን ባላዋስኩ!» ቢላቸው፣ «ተወው፣ ደወሉም እንደኔ ደክሞታል» አሉት።

ልጄ፣ ወጣቶቹ አብሮ አደጎችህ ናቸው፤ መልሰው እንዲያንጠለጥሉት ጻፍላቸው። እኔ እንዳልኩህ ግን ለአባትህ አታንሳ። ያሰብከውን አሳክቶ አምላክ በሰላም ይመልስህ። አደራ፣ አትዘግይ፤ የአባትህ ጆሮ እየከበደ ነው።

እናትህ ጽጌማርያም፣ ከኮልፌ